አሥራ አንድ ዙር

«ተቀመጪ» አለቻት አክስቷ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

ልጅቷ ታጥቦ የደረቀ ብርጭቆ እንደገና እያጠበች ነበር። ቧንቧውን ዘጋች፤ እጇን በጥቁር ቀሚሷ ጠራረገችና ወደ ሳሎን ወጣች። ከግድግዳው ሥር ከተደረደሩት ወንበሮች በአንዱ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ወዲያው ተነሣች። የሻይ ፔርሙሱ ክዳን በደንብ አልገጠመም ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ወንበሩ እሾህ አለው እንዴ?»

«ክዳኑ ነው አክስቴ።»

«ክዳኑን ተይው። ሰው ሊያጽናናሽ መጥቶ ጀርባሽን ነው እንዴ የሚያጽናናው?»

ከጥጉ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላቸው ሳቁን ወደ ሳል ለወጡት። ልጅቷ ግን ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችው።

እናቷ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። በሳሎኑና በበረንዳው ላይ ያሉት ወንበሮች በሙሉ የማኅበሩ ናቸው፤ በየጀርባቸው በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ማኅበሩ ለቅሶም ይሁን ሠርግ ላለበት ቤት ሲያውሳቸው የኖሩ ወንበሮች ናቸው። ማኅበሩን ደግሞ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ ከአምስት ጎረቤቶቿ ጋር፣ በአንድ አሮጌ የልብስ ስፌት መኪና የጀመረችው እናቷ ነበረች። ሰፈሩ በስሟ የሚጠራት ከስንት አንዴ ነው። «ጥድፊያ» ይላታል። እየሄደች ሰላም ትላለች፣ እየሄደች ትመክራለች፣ ሰው ጥያቄውን ሳይጨርስ መልሱን ሰጥታው ከመታጠፊያው ትሰወራለች።

አሁን የመጣው ሁሉ ከእናቷ አንዳች ቁራጭ ይዞ ነው የሚመጣው። የስፌት ክፍሉ ሴቶች የመጀመሪያ ደንበኛቸውን ያመጣችላቸው እሷ እንደነበረች አወሩ። በየአልጋው ተኝተው ለቀሩ ሰዎች ዳቦና ሾርባ የሚያደርሱት ሁለት ወንድማማቾች በየትኛው ቤት ውሻ እንዳለ ያስጠናቻቸው እሷ መሆኗን ተናገሩ። እግሯ ተሰብሮ ከማኅበሩ ክራንች የተዋሰች አንዲት ወፍራም ሴት እንባዋን እየጠረገች፣ «እኔንማ በማስፈራራት ነው ያዳነችኝ» አለች። «በየሳምንቱ እየመጣች፣ 'ክራንቹን ቶሎ መልሺ፣ ወረፋ አለ' ትለኛለች። እግሬ የተሻለው ፈርቼ ነው።»

ሰው ሳቀ። ልጅቷም ፈገግ አለች፤ ግን እግሯ ከወንበሩ ሥር አላርፍ ብሎ ወለሉን ይመታ ነበር። ለሁሉም የሚተርፍ ቁራጭ አለ። የእኔ የትኛው ነው ስትል አሰበች፤ በሐሳቡም አፈረች።

ቀጥሎ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከወንበራቸው ተነሡ። በስልሳ ዓመታቸው ነው በማኅበሩ የማታ ክፍል ፊደል የቆጠሩት። ከኪሳቸው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ፣ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር አድርገው ማንበብ ጀመሩ።

«እና…ታችን። በሕይ…በሕይወ…»

ቤቱ ጠበቃቸው። ልጅቷ ቃሉን በአፏ ውስጥ ይዛው ነበር፤ ልትወረውርላቸው ምንም አልቀራት። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት በዚያ ክፍል እናቷን ታግዝ ነበርና፣ እንዲህ ተማሪው የጀመረውን ቃል ቀምታ ስትጨርስ እናቷ ውጭ ጠርታ የተቆጣቻት ትዝ አላት። «ሰው የጀመረውን ቃል ራሱ ይጨርስ። አንቺ ጠብቂ፣ ሌላ ሥራ የለሽም።» ያቺ መቆም የማታውቅ ሴት፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ብቻ፣ አንድ ሽማግሌ አንዲት ቃል እስኪወልድ ድረስ እንደ ግድግዳ ትቆም ነበር።

«…በሕይወቷ» አሉ ዘበኛው፤ ላባቸውን ጠረጉ።

ልጅቷ ተነሥታ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

እናቷ ያረፈችበት አልጋ በመስኮቱ አጠገብ እንደነበረ ነው። ነጭ ቀለሙ የተላጠ የብረት አልጋ፤ ሦስቱ ጎማዎች ይዞራሉ፣ አራተኛው ይጎተታል። ከግርጌው ያለው መዘውር ሲዞር የራስጌው ወገን ቀስ ብሎ ከፍ ይላል። እናቷ አሥራ አንድ ዙር ነበር የምትወደው። በአሥራ አንድ ዙር ትንፋሿም ይቀላል፣ በመስኮቱም የመንገዱን መታጠፊያና የስፌት ክፍሉን በር ማየት ትችላለች። ልጅቷ ከዚያ ቀን ወዲህ መዘውሩን አልነካችውም። አንሶላውንም አልቀየረችም። በቀን ሦስት አራት ጊዜ እየገባች፣ አልጋው አሁንም በአሥራ አንድ ላይ መሆኑን አይታ ትወጣለች።

ስትወጣ በሩ ላይ ከአንድ ሰው ጋር ፊት ለፊት ተገናኘች።

ሰውየውን ታውቀዋለች፤ ማለት፣ ሦስት ቀን ሙሉ አይታዋለች። ከውጭው በር አጠገብ፣ ቁጥር ሠላሳ አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ጥፍሮቹ ሥር የማይለቅ ሰማያዊ ቀለም አለ። ጠዋት ይመጣል፤ ትንሽ ይቆይና ይሄዳል፤ ደግሞ ይመለሳል። ብዙ አይናገርም። ዐይኑ ግን ከውስጠኛው በር ላይ አይነሣም። አሁን ደግሞ መቃኑን በስንዝሩ እየለካ ነበር።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለችው።

እጁን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰበ። «ልማድ ነው እህቴ። በር ሳይ… ሥራዬ ነው። ይቅርታ።»

ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ልጅቷ ወደ ወጥ ቤት ስትገባ፣ ሲንሾካሾኩ የነበሩት የስፌት ክፍሉ ሴቶች በአንድ ጊዜ ዝም አሉ፤ አንዷ ባዶ ማሰሮ አነሣች፣ ሌላዋ መልሳ አስቀመጠችው።

«አክስቴ፣ ያ ሰውዬ ማነው?»

«የቱ?» አለች አክስቷ፤ የቱን እንደሆነ አሳምራ እያወቀች። «እ፣ ቀቢው? ቀለም ቀቢ ነው። ያው የማኅበሩ ሰው ነው። ሂጂ ተቀመጪ አሁን።»

*

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች ነው። የዳቦ ጋጋሪው አባት በተቀበሩ ማግስት እናቷ እጇን ይዛ ወደ ለቅሶ ቤቱ ወሰደቻት። ልጅቷ ለማጽናናት ብቻ የሄዱ መስሏት ነበር። እናቷ አጽናናች፤ የቀረበላትን ሻይ ጠጣች፤ አለቀሰችም፣ የውሸት አልነበረም። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀመጠችና፣ «እንግዲህ የማኅበሩን አልጋ ልውሰድ» አለች።



«ዛሬ?» አለ ጋጋሪው። «ገና ሽታቸው እንኳ ከአንሶላው አልወጣም እኮ።»

«አውቃለሁ ወንድሜ። አንሶላው ለናንተ ይቅር። አልጋውን የሚጠብቀው ሰው ግን መሬት ላይ ነው ያለው።»

ልጅቷ ያን ቀን አልጋው በመንገድ ላይ እየተንቋቋ ሲገፋ፣ ማንም እንዳያያት አንገቷን ቀብራ ከኋላ ተከተለች። የደረሱበት ቤት ያለችው አሮጊት ደግሞ አልተኛም አለች። ሰው የሞተበት አልጋ ነው፣ እኔንም ሊወስደኝ ነው አለች። እናቷ ጫማዋን አወለቀች፤ ጎን ለጎን አስቀመጠች፤ አልጋው ላይ ወጥታ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተንጋለለች።

«በሉ አንሡኝ» አለች።

የአሮጊቷ ልጅ መዘውሩን አዞረ። እናቷ ቀስ በቀስ እንደ ፀሐይ ወጣች።

«ይኸው! እዚህ አልጋ ላይ ስንት ጊዜ ተኝቼ ስንት ጊዜ ተነሣሁ መሰላችሁ። ሞት እንደኔ ያለውን ቀዥቃዣ ይዞ አይዘልቅም!»

አሮጊቷ ሳቀች። ስትስቅ አንሥተው አስተኟት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ልጅቷ፣ «እማዬ፣ አያሳፍርሽም?» ስትል ጠየቀች።

«ያሳፍራል» አለች እናቷ፣ እርምጃዋን ሳትቀንስ። «በጣም ያሳፍራል። ለዚያ እኮ ነው ቶሎ ቶሎ የምሄደው።»

*

ከሰዓት በኋላ እንግዳው ሳሳ። የማኅበሩ ጸሐፊ የሆኑት ጡረተኛ መምህር ከአክስቷ ጎን ተቀምጠው መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። ቀቢው እንደገና መጥቶ ቁጥር ሠላሳ አንድ ላይ ነበር። ልጅቷ ሻይ አቀረበችለት። ለጠዋቱ ቁጣዋ ማካካሻ የሚሆን ነገር ፈልጋ፣ እናቷ ከመሞቷ በፊት ስለ ቀቢው ሚስት ደጋግማ ስትጠይቅ የነበረው ትዝ አላት።

«ባለቤትዎ እንዴት ናቸው? ከሆስፒታል ወጡ?»

ቀቢው ስኳሩን እያማሰለ፣ «የትኛው ሆስፒታል?» አለ።

ማማሰሉን አቆመ። ወደ ጸሐፊው አየ። ጸሐፊው መነጽራቸውን መጥረግ አቆሙ። አክስቷ ጣሪያውን ማየት ጀመረች።

«ማለቴ» አለ ቀቢው፣ «አዎ… ወጥታለች። ደህና ናት።»

ልጅቷ ትሪውን ይዛ ቆማ ቀረች። ቀጥሎ ወደ ወጥ ቤት ሄደች፤ ጸሐፊው ሳይጠሩ ተከተሏት።

ለአራት ወር ያህል ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ፈቃድ ወስዳ እናቷን ስታስታምም ነበር። ሕመሙ ደረት ላይ ነው፤ እናቷ ጠፍጣፋ ከተኛች ትታፈናለች። ትራስ በትራስ ላይ ቢደረብ ይንሸራተታል። የማኅበሩ አልጋ አንድ ብቻ ነው። እናቷ በራሷ እጅ የወረፋውን ደብተር አስመጥታ፣ ከሁሉም በታች፣ «እኔ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ጠበቀች። አሥራ ዘጠኝ ቀን። በሃያኛው ቀን ልጅቷ ክራንች በታጨቀበት በዚያ ጠባብ ቢሮ ገብታ ጸሐፊው ላይ ጮኸች። በሕይወቷ በሰው ላይ ጮኻ አታውቅም፤ ድምፅዋ ከየት እንደመጣ ራሷም አላወቀችም። «ስትገፋው የኖረችው አልጋ ለራሷ ሲሆን ወረፋ? እናንተ ሰዎች ናችሁ?» አለቻቸው። አልጋው በማግስቱ መጣ። እናቷ፣ «ደረሰኝ እንዴ? የቀቢው ሚስትስ?» ስትል፣ ጸሐፊው መስኮቱን እያዩ፣ «ሆስፒታል ገብታለች፣ እዚያ አልጋ አላት» አሉ።

ልጅቷ ያን ጊዜ ምንም አልጠየቀችም። አለመጠየቋ ነው እስካሁን እግሯን የሚያንቀዠቅዣት፤ አሁን ገባት።

«የት ነው የተኛችው?» አለች፣ ጀርባዋን ለጸሐፊው ሰጥታ።

«ልጄ…»

«የት ነው ጋሼ?»

«መሬት ላይ» አሉ። «ፍራሽ አላት። ጀርባዋ ግን ቆስሏል፤ ባሏ እያገላበጠ ያጥበዋል፣ ቁስሉ አልደርቅ ብሏል።» መነጽራቸውን አጠለቁ፤ አወለቁ። «አንቺ ጮኸሽብኝ የሄድሽ ዕለት ወደ ቀቢው ቤት ሄድኩ። ልለምነው አልነበረም፣ ብቻ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ። ራሳቸው ናቸው ያሉት። ሚስቱ፣ 'ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፣ እሷ ትቅደም' አለች። እናትሽ ብታውቅ አልጋውን በጥርሷ ጎትታ ትመልሰው ነበር። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብለን ዋሸናት።»

«ካረፈች በኋላስ? ሦስት ቀን ሙሉ?»

«ማን ይንገርሽ? እኔ አክስትሽ ትነግርሻለች ብዬ፣ አክስትሽ እኔን ጠብቃ፣ ሰፊዎቹ ሁለታችንን ጠብቀው። ሁሉንም ይሉኝታ ያዘው። እሱም ይኸው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ አይጠይቅም። በሐዘንሽ ላይ እንዴት ብሎ?»

«እሷ ብትሆን በማግስቱ ትወስደው ነበር።»

«እሷ ብትሆን» አሉ ጸሐፊው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እሷን ስላልሆንን ነዋ።»

ልጅቷ ትሪውን አስቀመጠች። እጇን ታጠበች፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ፍለጋ ሳይሆን የምታደርገው ነገር ስላላት ነበር። ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች። አንሶላውን ከአራት ማዕዘኑ ነቅላ ፊቷ ላይ ሳታደርስ አጠፈችው። ከዚያ ከግርጌው ተንበርክካ መዘውሩን ያዘች።

አንድ። ብረቱ አጉረመረመ። ሁለት። በአምስተኛው ላይ እጇ ቆመ።  ቀጠለች። አሥራ አንደኛው ሲያልቅ አልጋው ጠፍጣፋ፣ ማንም ያልተኛበት የሚመስል የብረት አልጋ ሆነ።

በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ጋሼ» አለችው ቀቢውን። «በስንዝር ስንት ሆነ በሩ?»

ሰውየው ተነሣ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞታል። «ይበቃል» አለ። «ለጥቂት ይበቃል።»

«ምን ማለት ነው ይሄ?» አለች አክስቷ ብድግ ብላ። «ዛሬ? ገና እንግዳ ሳያልቅ? የእናትሽን አልጋ? ሰው ምን ይላል?»

«የእናቴ አይደለም አክስቴ። ቁጥር አለው፣ እይው።» የታጠፈውን አንሶላ በአክስቷ ክንድ ላይ አኖረችው። «ይሄ ነው የኛ።»

አክስቷ አንሶላውን አየች።  ከዚያ፣ «በሉ እንግዲህ ምን ቆማችኋል፣ ወንበሩን ገለል አድርጉላት!» ብላ በሰዉ ላይ ጮኸች።

*

አልጋውን ዳቦ የሚያደርሱት ወንድማማቾች ከፊት፣ ቀቢው ከኋላ ሆነው ገፉት። የማይዞረው ጎማ አስፋልቱን እየፋቀ ይጮሃል። ጸሐፊው፣ የስፌት ክፍሉ ሴቶች፣ ባለ ክራንቿ ሴትዮ፣ ዘበኛው፣ ሁሉም ጥቁር እንደለበሱ ተከተሉ። ከአንድ ሱቅ ደጃፍ የቆመ ሰው ደንግጦ፣ «ደግሞ ማን ሞተ?» አለ።

«ማንም» አሉ ዘበኛው። «አልጋው ነው። ወደ ሥራው እየሄደ ነው።»

ልጅቷ እንደ ልጅነቷ ከኋላ አልነበረችም። ከፊት ነበረች፣ በፍጥነት እየሄደች። ፊቷ ይግላል። እናቷ ያለችውን አሰበች፤ በጣም ያሳፍራል።

የቀቢው ቤት አንድ ክፍል ነው። አንደኛው ግድግዳ ከየሥራው በተረፈ ቀለም የተሞከረበት ነው፦ የሰማያዊ፣ የቢጫ፣ የአረንጓዴ አራት ማዕዘን፣ እንደ ተጣፈ ብርድ ልብስ። ሚስቱ ከግድግዳው ሥር በፍራሽ ላይ በጎኗ ተኝታለች። ፊቷ ከስቷል፤ ዐይኖቿ ግን የነቁ ናቸው። አልጋው ሲገባ አይታ ዞር ልትል ሞከረች፤ ጀርባዋ አልፈቀደላትም።

«አይሆንም» አለች።

«ምኑ?» አለ ባሏ።

«እዚያ ላይ አልተኛም። ሌላ ሰው የሞተበት ቢሆን እሺ። እሷ የሞተችበት ላይ አልተኛም።» ልጅቷን አየቻት። «አትቀየሚኝ እህቴ። አልጋ ስታመጣ ተኝቼ ተነሣሁ እያለች ታስቀን ነበር። ይኸው፣ አልተነሣችም እኮ።»

በሩን የሞላው ሰው ሁሉ ወደ ልጅቷ አየ።  

ልጅቷ ቀልድ አታውቅም። በእናቷ ቤት ቀልዱ ሁሉ የእናቷ ነበር። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች፤ ጎን ለጎን አስቀመጠች። አልጋው ላይ ወጣችና ተንጋለለች። የአልጋው ጠርዝ ብረት ክንዷን ቀዘቀዛት። ጣሪያው ላይ ውኃ የሠራው ቡናማ ክብ ነበር።

«ጋሼ» አለች፣ «ያንሡኝ።»

ቀቢው ከግርጌ ቁጢጥ አለ። መዘውሩን ሲያዞር አልጋው እንደ ሁልጊዜው አጉረመረመ። ልጅቷ ሳታስበው ትቆጥር ነበር። አንድ። ሁለት። ጣሪያው ከዐይኗ ሸሸ። አራት። የቀለሞቹ ግድግዳ ብቅ አለ። ስድስት። ሰባት። አሁን የሴትየዋን ፊት ፊት ለፊት ታየዋለች። ስምንተኛውን ጠበቀች።

«እዚያ ላይ ተወው» አለች ሴትየዋ።

የቀቢው እጅ ቆመ።

«ለኔ እዚያ ይበቃኛል። ከዚያ ካለፈ ወገቤን ይይዘኛል።»

የቀሩት አራት ዙሮች በልጅቷ ጉሮሮ ውስጥ ነበሩ። አሥራ አንድ ነው ልትል፣ መስኮት የሚታየው በአሥራ አንድ ነው ልትል አፏን ከፈተች። እዚህ ቤት በዚያ በኩል መስኮት አልነበረም። ዋጠችው። ከአልጋው ወረደች።

አራት ሆነው ሴትየዋን በአንሶላዋ አንሥተው አስተኟት። ሴትየዋ ረጅም ትንፋሽ አወጣች፤ ዐይኗን ጨፈነችና፣ «እፎይ» አለች። ከዚያ ሳትገልጠው፣ «ምን ቆምሽ? ተቀመጪ እንጂ» አለች።

ልጅቷ ዙሪያዋን አየች። ቀቢው አንድ ባዶ የቀለም ባልዲ ገልብጦ በእጁ ጠራረገላት። በባዶ እግሯ፣ ከአልጋው ግርጌ ተቀመጠች። እጇ ሄዶ መዘውሩ ላይ አረፈ። አላዞረችውም።